የሸክላ ዒላማ ተኩስ፦ በአቅም ልክ የመጀመሪያውን ሾትገን ስለ መምረጥ

በሚኒሶታ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ «የትራፕ ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ፤ ጠመንጃ ያስፈልገኛል» ቢለው መደንገጡ አይቀርም። ልጁ ግን አልቀለደም። በዚያ ግዛት ተማሪዎች የሸክላ ዒላማ ተኩስ ሊግ አላቸው። በሰኔ ወር በአሌክሳንድሪያ ከተማ በሚካሄደው ውድድር በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ይሰለፋሉ። ዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው ወገናችንም ስፖርቱ ሩቅ አይደለም። በሜሪላንድ ግሌን ዴል የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የትራፕና የስኪት ማዕከል፣ በቨርጂኒያ ሴንተርቪል ደግሞ የቡል ራን የተኩስ ማዕከል አለ። ሁለቱም በሕዝብ መናፈሻ አስተዳደር ሥር ያሉና የክለብ አባልነት ሳይጠይቁ የሚያስተናግዱ ቦታዎች ናቸው።

እንዲህ ያለ ቦታ ሄዶ የመጀመሪያዋን ሸክላ አየር ላይ የበተነ ሰው ተመልሶ መሄዱ አይቀርም። ከዚያ የገንዘብ ጥያቄ ይመጣል። የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ወደ አገር ቤት የሚልክ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው የመጀመሪያውን ሾትገን ሲገዛ ምን ይግዛ? ገበያው ከ300 ዶላር በታች ጀምሮ እስከ አሥር ሺዎች ይዘልቃል። ሻጩ መደርደሪያው ላይ ያለውን ያሞግሳል፤ ጓደኛም የራሱን ያሞግሳል። በዚህ ዳሰሳ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ለጀማሪ ወሳኙ ጠመንጃው ለሰውነቱ መስማማቱና ቀኑን ሙሉ ትከሻን ሳያሳምም መተኮስ መቻሉ ነው። በዚህ ሚዛን ደግሞ በደንብ የተሠራ ያገለገለ ጠመንጃ አዲስ ከሆነ ርካሽ ጠመንጃ ይበልጣል።

ስፖርቱ በአገራችን ያልተለመደ ስለሆነ ከመሠረቱ እንነሳ። ዒላማው ከዝፍትና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚሠራ፣ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 105 ግራም አካባቢ የሆነ ትንሽ ሰሃን ነው። ማሽን ያስወነጭፈዋል፤ ተኳሹ መሬት ሳይደርስ ይሰብረዋል። ጆርጅ ሊጎውስኪ የተባለ የሲንሲናቲ ሰው እ.ኤ.አ. በ1880 ይህን ዒላማ እስኪያወጣ ድረስ የሚተኮሰው በሕይወት ባሉ እርግቦች፣ አለዚያም በብርጭቆ ኳሶች ላይ ነበር። በ1900 የፓሪስ ኦሊምፒክ እንኳ የሚተኮስባቸው እርግቦች ቀርበው ነበር። ሸክላው ያንን ጭካኔ አስቀርቶ ስፖርቱን ለተራው ሰው ከፈተ።

ጨዋታዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። በትራፕ ዒላማው ከፊት ካለ ዝቅተኛ ቤት ወጥቶ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተኳሹ እየራቀ ይሄዳል። የአሜሪካው ትራፕ ጀማሪ ከቤቱ 16 ያርድ ኋላ ቆሞ፣ በአምስት መቆሚያዎች እየተዘዋወረ 25 ዒላማ ይተኩሳል። በስኪት ደግሞ በግራና በቀኝ ካሉ ሁለት ቤቶች ዒላማዎች እየተሻገሩ ይወጣሉ፤ አንዳንዴም ሁለቱ በአንድ ጊዜ። ይህ ጨዋታ በ1920ዎቹ በማሳቹሴትስ አንዶቨር የተፈጠረው የወፍ አዳኞች ከአደን ወቅት ውጭ እጃቸውን እንዲያፍታቱ ታስቦ ነው። ሦስተኛው ስፖርቲንግ ክሌይ ነው። በጫካና በሜዳ መካከል ከመቆሚያ ወደ መቆሚያ እየተጓዙ የሚተኮስ ሲሆን፣ ዒላማው ከየት አቅጣጫና እንዴት እንደሚመጣ በየመቆሚያው ይለያያል። የሚገዛው ጠመንጃ ገዢው በሚያተኩርበት ጨዋታ ይወሰናል። አብዛኛው ጀማሪ ግን ገና አልለየለትም፤ ሊለይለትም አይገባም። ስለዚህ ሦስቱንም በመጠኑ የሚያስተናግድ ጠመንጃ መፈለግ ይበጃል።

ዓይንና ሰደፍ

ጠመንጃ ለሐበሻ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቱ ምንሽር፣ አጎቱ ክላሽ የያዘ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ያ ዕውቀት እዚህ ሊያሰናክል ይችላል። በእንዲህ ያለው ጠመንጃ ዒላማ መምታት የተማረ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የኋላውን ማነጣጠሪያ ከፊተኛው ጋር አስተካክሎ ቃታውን በቀስታ ይስባል። በሾትገን ይህን ያደረገ ሰው በረዥሙ ይስታል። ሾትገን አንድ ጥይት አይልክም። 28 ግራም በሚመዝን የ8 ቁጥር ጥይት ውስጥ 400 የሚያህሉ የእርሳስ ቅንጣቶች አሉ፤ እንደ ደመና ተበትነው ይሄዳሉ። ዒላማውም አይቆምም። ስለዚህ ተኳሹ ሁለቱንም ዓይኖቹን ከፍቶ የሚያየው ሸክላውን ነው። በርሜሉ ዓይኑን ተከትሎ ይዞራል፤ ሸክላው የሚደርስበትን ቦታ ቀድሞ ይተኩሳል፤ ከተኮሰ በኋላም መዞሩን አያቆምም።

አንባቢ ልብ ይበልልኝ፣ ሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም። የዚያን ቦታ የሚይዘው የተኳሹ ዓይን ነው። ዓይኑን በቦታው የሚያስቀምጠው ደግሞ ጉንጩ የሚያርፍበት ሰደፍ ነው። ሰደፉ ዝቅ ካለ ዓይን ከበርሜሉ በታች ይወድቃል፣ ጥይቱም ከታች ያልፋል። ከፍ ካለ ጥይቱ ከላይ ያልፋል። ከረዘመ ልብስ ላይ ይያዛል፤ ካጠረ አውራ ጣት አፍንጫን ይመታል። ፋብሪካዎች ሰደፉን የሚቆርጡት ለአማካይ ወንድ ነው፤ ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ36 እስከ 37 ሴንቲ ሜትር ነው። አጭር ወይም ቀጭን ለሆነ ሰው፣ ለብዙ ሴቶችና ለልጆች ይህ ይረዝማል። የምርት ስም ከመጠየቅ በፊት ይህ መታየት ያለበት ለዚህ ነው። ለሰውነት የማይስማማ የ3,000 ዶላር ጠመንጃ ከሚስማማ የ500 ዶላር ጠመንጃ ያነሰ ሸክላ ይሰብራል።

መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ሱቅ ውስጥም ይቻላል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሻጩም ገዢውም በዓይናቸው ያረጋግጣሉ። ገዢው በግድግዳው ላይ ከፍ ያለ አንድ ነጥብ ይመርጣል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን ወደ ትከሻውና ወደ ጉንጩ ያመጣል፤ ከዚያ ዓይኑን ይከፍታል። በርሜሉ አናት ላይ ያለው ጠፍጣፋ መስመር ቀጥ ብሎ፣ የፊቱ ነጥብ ደግሞ መሐል ላይ ሆኖ ከታየው ለመነሻ በቂ ነው። የጠመንጃውን ገላ ብቻ ካየ፣ ወይም ነጥቧን ለማግኘት አንገቱን መስበር ካስፈለገው ያንን ጠመንጃ ይተወው። ይህን ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል፤ ሰው ሳያውቀው አንገቱን ለጠመንጃው ማስገዛት ይጀምራልና።

ሌላው ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለበት ገዢው ዓይን፣ ማለትም ከሁለቱ አይሎ የሚመራው፣ የትኛው እንደሆነ ነው። እጅን ዘርግቶ በሁለት መዳፎች መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሠርቶ፣ ሁለቱንም ዓይኖች ከፍቶ ሩቅ ያለ ነገር በቀዳዳው ማየት፤ ከዚያ ዓይኖቹን በየተራ መጨፈን ነው። ነገሩ ከቀዳዳው ሳይጠፋ የሚያየው ዓይን ገዢው ነው። ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው ግራ ዓይኑ ገዢ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ከግራ ትከሻው መተኮስ ቢማር የተሻለ ነው፤ አለዚያም በመነጽሩ ግራ መስታወት ላይ ትንሽ የማያሳይ ፕላስተር ይለጥፋል። ከግራ የሚተኩስ ከሆነ ቀለሁን ወደ ቀኝ፣ በፊቱ በኩል የሚያስወነጭፍ ጠመንጃ ይረብሸዋል። ይህን ሳያውቅ ገዝቶ ዓመት ሙሉ የሳተ ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ሲያሳብብ ማየት ያሳዝነኛል። ምርመራው ከደቂቃ አይበልጥም፣ ገንዘብም አያስወጣም።

ከአራቱ የትኛው?

ለዚህ ስፖርት የሚቀርቡት ሾትገኖች በአሠራራቸው አራት ናቸው፤ ፓምፕ፣ ሰሚ አውቶማቲክ፣ ሁለት በርሜሎቹ የተደራረቡበት ኦቨር ኤንድ አንደር፣ እና ለትራፕ ብቻ የሚሠራ ባለ አንድ በርሜል።

በዋጋ ዝቅተኛው ፓምፕ ነው። ከ1950 ጀምሮ የተሠራው ሬሚንግተን 870 እና ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያለው ሞስበርግ 500 በሚሊዮኖች ተሽጠዋል። አዲሱ ሞስበርግ 500 ከ400 እስከ 500 ዶላር፣ ታናሽ ወንድሙ ማቨሪክ 88 ደግሞ 250 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ያገለገለ 870 የሚገዛ ሰው ዊንግማስተር የተባለውን ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ከ1987 ጀምሮ በርካሽ እንዲወጣ ከተደረገው ኤክስፕረስ ይልቅ አጨራረሱ የተስተካከለ፣ ሲስቡትም በልስላሴ የሚንሸራተት ነው። የፓምፕ ጥንካሬ የማያጠራጥር ነው። ለትራፕ ነጠላ ዒላማም ያለ ችግር ይበቃል። ችግሩ ሁለት ዒላማ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ነው። ጀማሪው ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ እጁን ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲስብ ጠመንጃው ከጉንጩ ይለቃል፣ ሁለተኛዋ ሸክላም ታልፋለች። ርግጫውንም የሚያለዝብለት ነገር የለም። ክብደቱ ቀላል በሆነ ፓምፕ ከሰዓት በኋላውን 100 ጥይት የተኮሰ ሰው ትከሻው ይጠቁራል። የባሰው ደግሞ ሳያውቀው ቃታውን ከመሳቡ በፊት መሸማቀቅ ይጀምራል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለማስለቀቅ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

በጋዝ የሚሠራው ሰሚ አውቶማቲክ የሚበልጠው በዚህ ነው። ከተተኮሰው ጥይት ጋዝ ጥቂቱን ወስዶ ቀለሁን ያወጣል፣ ቀጣዩን ያጎርሳል። በዚህ ሥራ ምክንያት ርግጫው በረዘመ ጊዜ ላይ ይከፋፈላል፤ ትከሻ የሚሰማው እንደ ምት ሳይሆን እንደ ግፊት ይሆናል። በ1963 የወጣው ሬሚንግተን 1100 ይህን ለተራው ተኳሽ ያደረሰ ጠመንጃ ነው። ዛሬም ያገለገለው ከ500 እስከ 700 ዶላር ባለው ክልል በየክለቡ ይገኛል። አንዳንዴ መልሶ ማጉረስ እምቢ ቢል ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ነው፤ ወይም በርሜሉ ሥር ያለች የጥቂት ዶላር የጎማ ቀለበት ተበጥሳ ነው። ከአዲሶቹ በ900 እና በ1,100 ዶላር መካከል ቤሬታ A300 እና ዊንቸስተር SX4 አሉ። የቤሬታው ልዩ ጥቅም ሰደፉንና ገላውን በሚያገናኘው ቦታ ላይ የሚገቡ ስስ ማስተካከያዎች አብረውት መምጣታቸው ነው። ሰደፉን ከፍና ዝቅ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማድረግ ይቻላል። ከላይ ስለ ሰደፍ ያልኩትን ላስታወሰ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በጋዝ ሳይሆን በራሱ ርግጫ ኃይል የሚሠራም ሰሚ አውቶማቲክ አለ። ንጹሕና ቀላል ነው፣ ለአደን ይወደዳል። ለሸክላ ግን ቅለቱ ርግጫን ያበዛል፤ ለስላሳ ጥይት ሲጎርስም ቀለሁን ማስወጣት ሊያቅተው ይችላል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ወደ ኦቨር ኤንድ አንደር እንምጣ። ክለብ የሄደ ጀማሪ ጎበዞቹ ሁሉ ይህን ይዘው ስለሚያይ ያንኑ ይመኛል። ምኞቱ ምክንያት አለው። ከወገቡ ታጥፎ ሲከፈት ባዶ መሆኑ ከሩቅ ይታያል። ሁለቱ በርሜሎች የተለያየ የአፈሙዝ ጥበት ሊኖራቸው ይችላል። ቀለሁ መሬት አይበተንም፤ የሚበላሽ ክፍሉም ጥቂት ነው። በ1926 ቤልጂግ ውስጥ ሊዬዥ ከተማ ያረፈው የጠመንጃ ነዳፊ ጆን ብራውኒንግ ከሠራቸው የመጨረሻ ንድፎች አንዱ ይኸው ዓይነት ነበር። ከእርሱ የተወለደው፣ ጃፓን ውስጥ የሚሠራውና ከ1973 ጀምሮ የሚሸጠው ብራውኒንግ ሲቶሪ እስከ ዛሬ የመካከለኛው ገበያ ምሰሶ ነው። የቤሬታ 686 አቻው ነው። ሁለቱም አዲስ ሲሆኑ ከ2,000 ዶላር በላይ ናቸው።

ጉዳዩ ከዚያ በታች ባሉት ላይ ነው። 500 ዶላር አካባቢ የሚሸጠው የብራዚሉ ስቶገር ኮንዶር፣ ከዚያ ከፍ ሲል ደግሞ ከቱርክ ኮንያ ክፍለ ሀገር፣ ከሁውሉና ከአካባቢው የጠመንጃ ሠሪ ከተሞች የሚመጡት አሉ። ቱርኮቹን በጅምላ ማጣጣል ተገቢ አይደለም። ሲዜድ የተባለው ኩባንያ በስሙ የሸጣቸው የሁውሉ ጠመንጃዎች ብዙ ሰው ደስ ብሎት የሚተኩስባቸው ናቸው። ነገር ግን ሁለት በርሜሎችን አንድ ቦታ እንዲመቱ አድርጎ መበየድ፣ ማጠፊያውንና መቆለፊያውን በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ተኩስ ማዘጋጀት ውድ ሥራ ነው። ዋጋው በግማሽ ሲቀነስ የሚቀነሰው ከዚህ ሥራ ነው። የወፍ አዳኝ በዓመት ጥቂት ሣጥን ጥይት ስለሚተኩስ ላያስተውለው ይችላል። የሸክላ ተኳሽ ግን ያንን በአንድ ቅዳሜ ይጨርሳል። ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። ገንዘቡ ከ1,000 ዶላር በታች ከሆነ አዲስ ኦቨር ኤንድ አንደር አይገዛ። ልቡ ከዚያ ሌላ እምቢ ካለው፣ አጠራቅሞ ያገለገለ ሲቶሪ ወይም 686 ይግዛ። እነዚህን በጥንቃቄ የያዘ ሰው ከዓመታት በኋላ ሲሸጣቸው ከገዛበት ብዙም አይጎድልበትም።

ለትራፕ ብቻ ቆርጦ ለተነሳ፣ በተለይም ለሊግ ተማሪ፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው ባለ አንድ በርሜሉ ብራውኒንግ BT-99 ያገለገለው ቢገኝ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዕቃ ነው። ለስኪትና ለስፖርቲንግ ግን አይሆንም።

ያገለገለ ሲገዛ

ያገለገለ ጠመንጃ ከመግዛት የሚያስፈራው የተደበቀ ጉድለት ነው። ሆኖም አብዛኛው ጉድለት ለሚያውቅ ዓይን ይታያል። በኦቨር ኤንድ አንደር ላይ መክፈቻ ምላሱን ይመልከቱ። ተዘግቶ ሳለ ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ ካረፈ ገና ዕድሜ አለው፤ መሐልን አልፎ ወደ ግራ ከሄደ መቆለፊያው አልቋል። የፊተኛውን እንጨት አውጥተው በርሜሉን ከገላው ጋር ያነቃንቁት፤ የሚንቀጫቀጥ ነገር ሊሰማ አይገባም። በርሜሉን ለይተው ወደ ብርሃን አቅንተው በውስጡ ይዩ። ዝገት የበላው ቦታ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ ከውስጥ ጥቁር ቀለበት የሚመስል ጥላ ካለ ደግሞ በርሜሉ አንድ ቀን አብጧል ማለት ነው። ያንን ጠመንጃ መልሰው ያስቀምጡት፤ ዋጋ ቢቀነስም አይደራደሩ። ሰደፉ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ይፈልጉ። ተፈቺ የአፈሙዝ ማጥበቢያ፣ ማለትም ቾክ፣ ካለው በእጅዎ ይፍቱት፤ ዝጎ የተጣበቀ ከሆነ የጥገና ወጪውን ከዋጋው ይቀንሱ።

ከአያት የተወረሰ ወይም ጋራዥ ሽያጭ ላይ የተገኘ አሮጌ ጠመንጃ ሌላ ጉዳይ ነው። የብረቱ ገላ እንደ ጥልፍ የተጠላለፈ መስመር የሚታይበት የዳማስቆ በርሜል በዛሬው ባሩድ አይተኮስበትም። አንዳንዱ አሮጌ የአውሮፓ ጠመንጃም ጥይት መጉረሻው 65 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የዛሬው መደበኛ ጥይት ደግሞ 70 ነው። እንዲህ ያለውን ሙያተኛ ጠመንጃ ሠሪ ሳያየው ማጉረስ አደጋ ነው።

ስለ ቀሪው በአጭሩ። የበርሜል ስፋት 12 ጌጅ ይሁን፤ ጥይቱ በየቦታው የሚገኝና ርካሹ እርሱ ነው፤ 24 ግራም ብቻ የሚተኩስ ለስላሳ ጥይትም አለው። 20 ጌጅ ለትንሽ ሰውነት የሚመረጠው በጋዝ በሚሠራና መጠነኛ ክብደት ባለው ጠመንጃ ብቻ ነው። በጣም ቀላል የሆነ 20 ጌጅ ከከባድ 12 ይበልጥ ይራገጣልና። 410 ለልጅ የሚመስለው ብዙ ነው፤ የሚሆነው ግን ለተካነ ተኳሽ ነው። የበርሜል ርዝመት ለሰሚ አውቶማቲክ 28 ኢንች፣ ለኦቨር ኤንድ አንደር 30 ኢንች ጥሩ ነው። 18 ኢንች ተኩል የሆነው የቤት መጠበቂያ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ቾክ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደርና ሞዲፋይድ ከኖሩ ሌላ አይግዙ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የ20 ጌጅ ጥይት በስህተት 12 ጌጅ ውስጥ ቢገባ ወደ ፊት ተንሸራቶ በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ከኋላው የ12 ጥይት ጎርሶ ቢተኮስ በርሜሉ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ጥይት በተለምዶ ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው። ሁለቱ አንድ ቦርሳ ውስጥ፣ አንድ ኪስ ውስጥ አይገናኙ።

እውነተኛው ወጪ

አሁን ወደ ገንዘቡ። አንድ ሰው በወር ሁለት ጊዜ ሄዶ በእያንዳንዱ አራት ዙር ቢተኩስ በዓመት 96 ዙር፣ 2,400 ዒላማ ይሆናል። የ25 ጥይት ሣጥን 10 ዶላር፣ የአንድ ዙር ዒላማ ክፍያ 8 ዶላር ብንል በዓመት 1,700 ዶላር አለፈ። ዋጋው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የስሌቱ ትርጉም ግን አይለወጥም። የጥይትና የዒላማ ወጪ በመጀመሪያው ዓመት የጠመንጃውን ዋጋ ይበልጣል። በ1,500 ዶላር ጠመንጃ ገዝቶ ጥይት የሚገዛበት ያጣ ሰው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቅለው። በ600 ዶላር ገዝቶ የተረፈውን በአሠልጣኝና በጥይት ላይ ያዋለ ሰው ግን በስድስት ወር ውስጥ ይለወጣል። ገደብ ያለበት ሰው በወር አንድ ጊዜ ሄዶ ሁለት ዙር ቢተኩስም ምንም አይደለም።

ከጠመንጃው ዋጋ ተለይቶ የማይታይ ሌላ ወጪ ደግሞ የጆሮ መሸፈኛ፣ የዓይን መነጽርና የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ነው። የሾትገን ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ጆሮ አንዴ ካጣው አይመልሰውም። ሣጥኑን በተመለከተ ድርድር የለም። የእኛ ቤት እንግዳ የማይጠፋበት፣ የዘመድ ልጆች ከክፍል ክፍል የሚሯሯጡበት ቤት ነው። ጠመንጃው ለብቻው ተቆልፎ፣ ጥይቱም ሌላ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። ለሣጥን ገንዘብ ያልተረፈው ሰው ጠመንጃ ለመግዛት ገና አልደረሰም። ቅንጣቱ እርሳስ ስለሆነም ከተኩስ በኋላ እጅን ታጥቦ መብላት፣ ልብስንም ቀይሮ ልጅ ማቀፍ ያስፈልጋል።

ሕጉን ሳያውቁ አይነሡ

በአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ በዲቪ የመጣውም ጭምር፣ እንደ ዜጋው ከፈቃድ ካለው ሻጭ ሾትገን መግዛት ይችላል። የፌዴራሉ ዕድሜ 18 ነው፤ አንዳንድ ግዛቶች ከፍ ያደርጉታል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርሕ ደረጃ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። ሕጋዊ የአደን ፈቃድ እንደ መያዝ ያሉ ውስን ልዩ ሁኔታዎች አሉ። እገዳው መግዛትን ብቻ ሳይሆን ክለብ ውስጥ ተከራይቶ መተኮስንም ይጨምራል። ሕጋዊ መኖሪያ የሌለው ሰው ደግሞ ጨርሶ አይነካም። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ ጠበቃውን ይጠይቅ፤ በግዢ ቅጹ ላይ የሐሰት መልስ መስጠት ወንጀል ነው፣ የመኖሪያ ጉዳይንም ያበላሻል።

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይበልጥ የምሰጋው ግን ስለ ውለታ ነው። «በስምህ ግዛልኝ፣ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ለሌላ ሰው በራስ ስም መግዛት በፌዴራል ሕግ ከባድ ወንጀል ነው፤ ወዳጅነትን ሰበብ አድርጎ ማምለጥ አይቻልም። የግዛቶች ሕግም ይለያያል። ዋሽንግተን ዲሲ ጠመንጃውን ማስመዝገብ ይጠይቃል፤ ኢሊኖይና ኒው ጀርሲ ከግዢ በፊት የመታወቂያ ካርድ ይጠይቃሉ። የተገዛውን ጠመንጃ ለአገር ቤት ዘመድ ስጦታ አድርጎ ለመውሰድ ማሰብም አይገባም። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስገባት ያስከስሳል።

በብሪታንያ ያለው ወገን መንገዱ ሌላ ነው። ከፖሊስ የሾትገን የምስክር ወረቀት ያወጣል፤ ለአምስት ዓመት ይሠራል። በተራው የምስክር ወረቀት የሚያዝ ፓምፕም ሆነ ሰሚ አውቶማቲክ በጠቅላላው ከሦስት ጥይት በላይ መያዝ የለበትም። የዚያ አገር ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በስፔኑ ላንበር ወይም በጃፓኑ ሚሮኩ፣ ያገለገለ ኦቨር ኤንድ አንደር ነው፤ ገበያውም እዚያ በእርሱ የበለጸገ ነው። በገልፍ አገሮች ስፖርቱ ክብር አለው፤ ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ በ2004 አቴንስ ላይ ያመጣው ሼኽ አሕመድ ቢን ሐሸር የሸክላ ተኳሽ ነው። በሥራ እዚያ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን መንገዱ ክለብ ሄዶ በክለቡ ጠመንጃ መተኮስ ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ከ350 ዶላር በላይ ማውጣት ለማይችል፣ ያገለገለ ሞስበርግ 500 ወይም 870 ዊንግማስተር፣ በ28 ኢንች በርሜልና በለስላሳ ጥይት፤ ትራፕ ላይ ይጀምር። ከ500 እስከ 700 ዶላር ላለው፣ ያገለገለ ሬሚንግተን 1100፤ ለአብዛኛው ጀማሪ ከዚህ የተሻለ የገንዘብ አጠቃቀም አላውቅም። 1,000 ዶላር ላለውና አዲስ ለሚፈልግ፣ ሰደፉ የሚስተካከለው ቤሬታ A300። ትንሽ ሰውነት ላላቸውና ለልጆች፣ በጋዝ የሚሠራ 20 ጌጅ በአጭር ሰደፍ፤ ልጅ ሲያድግ ሰደፉ ይቀየራል።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላልና፣ መግዛት የሚፈቀድልዎ አንባቢ ከእነዚህ አንዱንም ከመግዛትዎ በፊት ክለብ ይሂዱ። የኪራይ ጠመንጃ ይዘው፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከአሠልጣኝ ጋር ቆመው ይተኩሱ። በትራፕ ክለብ ያሉ አዛውንቶች ጀማሪ ሲያዩ የራሳቸውን ጠመንጃ አውጥተው «ሞክረው» ማለት ልማዳቸው ነው፤ ይቀበሏቸው። የትኛው ጠመንጃ ጉንጭዎ ላይ ሳይታገልዎ እንደሚያርፍ ያወቁ ዕለት ገንዘብዎን ያውጡ።